የኦሜፕራዞል ማቆሚያ ቀን አብሮ ይጻፍ

ክቡር አዘጋጅ፣

በመድኃኒት ቤት የምንሠራ ሰዎች አዘውትረን ከምንሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ «ኦሜፕራዞል አለ?» የሚለው ነው። ጠያቂው ብዙ ጊዜ የሐኪም ማዘዣ አይዝም፤ ወይ ጎረቤት መክሮት ነው፣ ወይ ከዓመታት በፊት ታዞለት ተሽሎት ስለነበር ነው። የጨጓራ አሲድን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ቅሬታዬ መቼ እንደሚቆም ሳይነገር በመሰጠቱ ላይ ነው።

መድኃኒቱ በጨጓራ ግድግዳ ላይ ያሉትን አሲድ አመንጪ ፓምፖች ይዘጋል። ፓምፖቹ በብዛት የሚነቁት ምግብ ሲመጣ ስለሆነ፣ ካፕሱሉ ከዕለቱ የመጀመሪያ ምግብ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብሎ በውኃ ይዋጣል፤ በጾም ወቅት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰውም ጠዋት ውጦ ከሚውል ይልቅ ወደ ማዕድ ከመቅረቡ በፊት ባለው ሰዓት ቢወስደው ይሻላል። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ፍሬዎች ከአሲድ የሚጠብቃቸው ሽፋን ስላላቸው አይታኘኩም፣ አይፈጩም። ሙሉ ውጤቱ እስኪታይ ከአንድ እስከ አራት ቀን ሊፈጅ ስለሚችል፣ ቃር በተነሳ ቁጥር አንድ ፍሬ መዋጥ እምብዛም አይጠቅምም፤ ለዚያ ፈሳሹ ወይም የሚታኘከው አንታሲድ (ጨጓራ ውስጥ ያለውን አሲድ የሚያረክስ መድኃኒት) ይቀላል።

አሜሪካ ውስጥ ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ኦሜፕራዞል ማሸጊያው ላይ ለ14 ቀን ብቻ እንዲወሰድና ያለ ሐኪም ምክር ከአራት ወር በፊት እንዳይደገም ተጽፎበታል። ሐኪም ሲያዘውም አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ላለ ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ግን ዓመታት የሚቆጠሩበት ሰው ብዙ ነው፤ ለምን ብላችሁ ስትጠይቁት «ሳቆመው ይብስብኛል» ይላችኋል። እውነቱን ነው። አሲዱ ሲቀንስ ሰውነት ጋስትሪን የተባለውን አሲድ አነቃቂ ሆርሞን ያበዛል፤ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥም ጨጓራ ለተወሰነ ጊዜ ከቀድሞው የበለጠ አሲድ ያመነጫል። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት፣ 120 ፈቃደኛ ጤነኞች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ኢሶሜፕራዞል ለ8 ሳምንት ወስደው አቆሙ፤ በቀጣዮቹ አራት ሳምንታት ከእነዚህ ውስጥ 44 በመቶው፣ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ካፕሱል ከወሰዱት ደግሞ 15 በመቶው የቃርና መሰል ስሜት ተሰማቸው። ልብ በሉ፣ ሰዎቹ ሲጀምሩ ጨጓራቸውን አያማቸውም ነበር። እንግዲህ ይህ ስሜት ሁልጊዜ የበሽታው መመለስ ምልክት ስላልሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱ፣ በመሀል አንታሲድ እየተጠቀሙ ማቆምን ይመክራሉ።

ራስ ምታት፣ ተቅማጥ ወይም የሆድ ድርቀት በአጭር ጊዜም ሊታዩ ይችላሉ፤ በአብዛኛው ቀላል ናቸው። በዓመታት አጠቃቀም ግን የቫይታሚን ቢ12 እና የማግኒዥየም እጥረት ሊመጣ ይችላል፤ አልፎ አልፎም የኩላሊት ብግነት ያጋጥማል። ከአጥንት ስብራት ጋር ያለው ግንኙነት በጥናቶች ቢታይም፣ መንስኤው መድኃኒቱ ራሱ ስለመሆኑ አልተረጋገጠም፤ ስለዚህ በማኅበራዊ ሚዲያ እንደሚወራው «አጥንት ይበላል» ብሎ ማስፈራራት ተገቢ አይመስለኝም።

ይልቅ በእኛ አገር ብዙም የማይነሳው ጉዳት ምርመራ ማበላሸቱ ነው። ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በሰገራ ሲመረመር፣ ታካሚው ኦሜፕራዞልን ቢያንስ ከ2 ሳምንት በፊት፣ አንቲባዮቲክን ደግሞ ከ4 ሳምንት በፊት ካላቆመ፣ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊወጣ ይችላል። በደም የሚደረገው የፀረ እንግዳ አካል ምርመራ በተቃራኒው ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል መዳንን አያረጋግጥም፤ በዚህ ውጤት ብቻ ተመርኩዞ ባክቴሪያውን ለማጥፋት አብረው የሚታዘዙትን ሦስት መድኃኒቶች ደጋግሞ መዋጥ ትርፉ ድካምና ወጪ ነው። ኦሜፕራዞል የጨጓራ ካንሰርን ስሜት ሳይቀር ሊያለዝብ ስለሚችል፣ ክብደት የሚቀንስ፣ ለመዋጥ የሚቸገር፣ ደም የሚያስመልስ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰው መድኃኒት ቤት ሳይሆን ሐኪም ዘንድ ነው መሄድ ያለበት። አታዛናቪር ያለበትን የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱም፣ ኦሜፕራዞል የመድኃኒቱን መመጠጥ ክፉኛ ስለሚቀንሰው፣ ሐኪማቸውን ሳያማክሩ ሊጀምሩት አይገባም፤ የደም መርጋትን የሚከላከለውን ክሎፒዶግሬል ለሚወስዱ የልብ ሕሙማንም እንደዚሁ።

የምጠይቀው ቀላል ነው፤ ባልደረቦቼ በፖስታው ላይ «በቀን አንድ» ብለን ከምንጽፈው ጎን የማቆሚያውንም ቀን እንጻፍ፣ ከመስጠታችን በፊትም ሌላ ምን መድኃኒት እንደሚወስድ እንጠይቅ። ይህን ደብዳቤ አንብቦ ግን በራሱ ፈቃድ ማቆም የሌለበት ሰው አለ፤ ከዚህ በፊት የጨጓራ ቁስለት ደምቶበት አስፒሪን ወይም እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ የሕመም ማስታገሻ ለዘለቄታው የሚወስድ ሰው ኦሜፕራዞል የታዘዘለት ለመከላከያ ስለሆነ፣ ካዘዘለት ሐኪም ጋር ሳይነጋገር ቢተወው ለከፋ አደጋ ይጋለጣል።

ከአክብሮት ጋር፣
ፋርማሲስት፣ ከአዲስ አበባ