ሾፌር ወገኖቼ፣ ውሻዬን አይታችሁ አትለፉን

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ባለቤቴ ጋዜጣችሁን ያነብልኛል። እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ይህን የማስጽፈው ባለፈው ጥር አንድ ማታ የገጠመኝ ነገር እስካሁን ከውስጤ ስላልወጣ ነው።

ከሥራ ወጥቼ በስልኬ መኪና ጠራሁ። በረዶ ይጥላል። መኪናው አጠገቤ ሲቆም ከውስጥ የአማርኛ መዝሙር ይሰማል። ደስ አለኝ። የአገሬ ልጅ ነው ብዬ "ሰላም ወንድሜ" አልኩት። "እህቴ፣ ውሻ አልጭንም" አለኝ። "መሪዬ ናት፣ እግሬ ሥር ነው የምትተኛው" ብዬ ሳልጨርስ የበሩ ቁልፍ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ከዚያ ጎማው በረዶውን እየጨፈለቀ ሄደ። ሃያ ደቂቃ ቆምኩ። ውሻዬ ፔኒ ጎኗን እግሬ ላይ አስደግፋ ጠበቀች።

የመጣልኝ ሁለተኛው ሾፌርም ሐበሻ ነበር። እሱም ፈርቷል፣ ከድምፁ ያስታውቃል። "ትናከሳለች?" አለኝ። "አትናከስም" አልኩት። ወንበሩን ወደፊት ገፋ አድርጎ ቦታ ሰጣት። ቤቴ ስንደርስ ስሟን ጠየቀኝ።

በመጀመሪያው ልጅ አልፈርድም። እኔም ውሻ እየፈራሁ ነው ያደግሁት። በሰፈራችን ውሻ ማለት ማታ አጥር ሥር የሚጮኽ፣ ቤት የማይገባ፣ ከነከሰም መርፌ የሚያስወጋ ነው። የእብድ ውሻን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። ያኔ የእኔ መሪ ታናሽ ወንድሜ ነበር። ትከሻውን ይዤ ነው ትምህርት ቤት የምሄደው። እሱ ከታመመ እኔም እቀራለሁ። ኋላ ነጭ በትር ለመድኩ። በትር ጥሩ ነው፣ ግን የነካውን ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ግንባራችሁ ላይ የሚመጣውን ቅርንጫፍ አይነግራችሁም።

ፔኒን ያገኘሁት ኒው ጀርሲ፣ ሞሪስታውን ከሚገኘው ዘ ሲይንግ አይ ከተባለው ትምህርት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 የተቋቋመ አንጋፋ ቤት ነው። ቡችሎቹን ሁለት ወር ሊሞላቸው ሲል በጎ ፈቃደኛ ቤተሰቦች ይወስዷቸዋል። ከአንድ ዓመት በላይ አብረዋቸው ይኖራሉ። ገበያውን፣ አውቶቡሱን፣ የሕፃን ልቅሶውን፣ ሁሉንም ያለማምዷቸዋል። ከዚያ ይመልሷቸዋል። ያን ያህል አሳድጎ መመለስ እንዴት እንደሚከብድ አስቡት! ቀጥሎ አሠልጣኝ አራት ወር ገደማ ይሠራባቸዋል። ሁሉም አያልፉም።

መጨረሻ ላይ ተራው የእኛ ነው። ከሦስት ሳምንት በላይ እዚያው አድሬ ተማርኩ። ፔኒን ከማግኘቴ በፊት አሠልጣኜ ራሷ እንደ ውሻ ሆና መራችኝ። ውሻ ትከሻ ላይ የሚታሰረውን፣ እጀታ ያለውን ማሰሪያ ጫፍ እሷ ይዛ፣ እጀታውን እኔ ይዤ ከተማውን ዞርን። ርምጃዬ ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ፣ ውሻ ምን ያህል ቢጎትተኝ እንደምችል የለካችው በዚያ ነው። ለመጀመሪያ ውሻ ተማሪው የሚከፍለው 150 ዶላር ነው። የቀረው በልገሳ ይሸፈናል።

ብዙ ሰው ፔኒ የትራፊክ መብራት አይታ የምታሻግረኝ ይመስለዋል። አይደለም። የመኪናውን ድምፅ የማዳምጠው፣ "ፎርዋርድ" (ወደፊት) የምላት እኔ ነኝ። የእሷ ትልቁ ሥራ ትእዛዜ አደጋ ካለው እምቢ ማለት ነው። አንድ ቀን ጆርጂያ አቬኑ ላይ መንገዱ ጭር ያለ መስሎኝ "ፎርዋርድ" አልኳት። ንቅንቅ አላለችም። ደገምኩላት። ዞራ በሰውነቷ ጉልበቴን ገታችው። በዚያው ቅጽበት ድምፅ የሌለው መኪና፣ የኤሌክትሪክ ይመስለኛል፣ ቀሚሴን በንፋሱ እያራገበ አለፈ። ጉልበቴ ከዳኝ። እዚያው አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ አቀፍኳት።

ሾፌር ወገኖቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ ከእኛ ጋር ነው። ልትጠይቁን የምትችሉት ሁለት ነገር ነው፦ ውሻዋ የምታስፈልግሽ በአካል ጉዳት ምክንያት ነው ወይ? ምን ሥራ ነው የሠለጠነችው? ወረቀት አምጪ ማለት አይቻልም። ውሻ እፈራለሁ፣ አለርጂ አለብኝ ማለትም ምክንያት አይሆንም። በእሷ የተነሳ ተጨማሪ ሂሳብም የለም። ያን ማታ አቤቱታ ባስገባ ልጁ እንጀራውን ሊያጣ ይችል ነበር። አላስገባሁም። እሱም እንደ እኔ ለእናቱ ብር የሚልክ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ሌላው ተሳፋሪ ግን ላይተወው ይችላል።

የሃይማኖቱ ነገር የሚያሳስባችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። እኔ ራሴ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ፔኒን ቤት ትቼ በትሬን ነው የምይዘው። የመኪናችሁ ንጽሕና ለሶላታችሁ ለሚያሳስባችሁ ሙስሊም ወንድሞቼ ደግሞ ከቦርሳዬ ንጹሕ ጨርቅ አይጠፋም። ወለሉ ላይ አነጥፌ አስተኛታለሁ፣ ወንበር ላይ አትወጣም።

ምግብ ቤት ያላችሁ እህቶቼ፣ ለእናንተም አንድ ልመና አለኝ። "ውይ ስታሳዝን! ትንሽ ጥብስ ልስጣት?" ትላላችሁ። ፍቅር እንደሆነ ይገባኛል። ግን ማሰሪያዋን ካደረገች ሥራ ላይ ናት። ዛሬ ከጠረጴዛ ከቀመሰች ነገ መንገድ ላይ የወደቀ አጥንት ስታሸት እኔን ግንድ ጋር ታጋጨኛለች። ማሰሪያዋንም አትያዙ፣ መንገድ ልታሳዩኝ ከፈለጋችሁ ለእኔ ንገሩኝ።

አዘጋጆች፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ደብዳቤዬን የሾፌር ሥራ ማስታወቂያ ከሚወጣበት ገጽ አጠገብ አድርጉልኝ። ባለቤቴ እንደሚለኝ ሾፌሮች መጀመሪያ የሚገልጡት እሱን ነው።

አክባሪያችሁ፣
የፔኒ ባለቤት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ