እማዬን ይዘሽልኝ ነይ

ባሕር ዳር፣ ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹ፣ ባለቤትሽ፣ ተማሪዎችሽስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሦስት ዓመት ተኩል ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልሽ «ምን ሆና ይሆን?» ማለትሽ አይቀርም። ክፉ አይደለም። ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ሰባት ወሬ ነው።

አስቀድሜ ግን ስለ ዝምታዬ። ያኔ የወለድኩ ሰሞን ደውለሽ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትይኝ «አሜን» ብዬ ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። ከዚያ ወዲያ የደወልሽውን አንዱንም አላነሳሁም። ቅያሜ እንዳይመስልሽ። ጠያቂው ሁሉ «እንኳን ማረችሽ» ብሎ፣ ገንፎውን ቀምሶ፣ መርቆ ይሄዳል፤ እኔ ግን ገና ከዚያ ሌሊት አልወጣሁም ነበር። አንቺን ካወራሁ እንደማለቅስ አውቀዋለሁ። ዛሬ ነገ ስል ወራት ሄዱ፣ ኋላ ደግሞ ማፈሩ መጣ። ይቅር በይኝ።

የዚያን ሌሊት ነገር ከአፌ ሰምተሽው አታውቂም። ሐምሌ 2014 ነው። እንደ ወጉ ለመውለድ እማዬ ዘንድ ሄጄ ነበር። ምጡ እንደጀመረኝ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ አልጠናብኝም፣ ልጅቷ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እየጮኸች መጣች። እንግዴ ልጁ ግን አልወጣ አለ። ታፋዬን መርፌ ወጉኝ፣ እትብቱን ይዘው ሳብ ሳብ አደረጉ፣ «ትንሽ እንጠብቅ፣ ይመጣል» አሉ። ደሜ ይፈሳል። እንጠብቅ ሲባል ሁለት ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ ሪፈር ተጻፈልኝ፤ አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል። እማዬ ባጠገቤ ቆማ «ማርያም፣ ማርያም» እያለች ነጠላዋን እያጣጠፈች ከሥሬ ታደርግልኛለች። አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጠላዋን ታስታውሺዋለሽ? ጥለቱ ጠቁሮ እስኪጠፋ ድረስ አየሁት። ሆስፒታል የደረስነው ከነጋ በኋላ ነው። እንግዴ ልጁን በእጅ አወጡልኝ፣ ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ፣ ዳንኩ።

ከሆስፒታል ስወጣ የሰጡኝን ወረቀት አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከተትኩት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዓይኔ እንዳያየው ነው። ዘንድሮ ክትትል ስጀምር አውጥቼ ይዤው ሄድኩ። የአራስ ቤት ቅቤ ጠጥቶ ወዝቷል፣ ጽሑፉም ደብዝዟል። አዋላጇ ወደ መስኮቱ ይዛው ሄዳ በብርሃን አነበበችው፤ ተመልሳ ካርዴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈች። «አንዴ የተያዘ እንግዴ ልጅ ዳግመኛ ሊያዝ ይችላል። ላይያዝም ይችላል። አንቺ ግን ደምና ኦፕራሲዮን ክፍል ከሌለበት ቦታ አትውለጂ» አለችኝ።

እናት የምትሞተው በሦስት መዘግየት ነው ብላም አስረዳችኝ፦ ከቤት ለመውጣት ሲዘገይ፣ መንገድ ላይ ሲዘገይ፣ ከደረሱ በኋላ እርዳታው ሲዘገይ። ቤቴ ገብቼ ያንን ሌሊት በነዚህ በሦስቱ ቆጠርኩት። እማዬ አልዘገየችም። ከቤት ያወጣችኝ በጊዜው ነው። የዘገየው ሌላው ነው።

ቦታ ለመምረጥ ብዙ ዞርኩ። እማዬ ሰፈር ያለው ጤና ጣቢያ አሁን የእናቶች ማቆያ አለው፣ ቀኗ የደረሰ ሴት ቀድማ ገብታ ትቆያለች፣ ገንፎውም ቡናውም እዚያው ነው አሉኝ። ደስ ይላል። ለሩቅ ገጠር ሴት ትልቅ ነገር ነው። እኔን ያሰጋኝ ግን ምጡ አይደለም፣ ከምጡ በኋላ ያለችው ሰዓት ናት፤ መንገዱም እንደምታውቂው ነው፣ ዛሬ ክፍት ቢሆን ነገ ይዘጋል። እዚህ ደግሞ አንድ የግል ክሊኒክ አየሁ። ንጹሕ ነው፣ ሰው በስምሽ ይጠራሻል፣ ብቻሽን ትተኛለሽ፤ ልቤ ሄዶ ነበር። አንድ ጥያቄ ጠየቅኳቸው፦ «ሌሊት ደም ቢያስፈልገኝ ከየት ታመጣላችሁ?» «ወደ ሪፈራል እንልክሻለን» አሉኝ። ዳግመኛ እየደማሁ መኪና ላይ አልወጣም አልኩ።

እናም እዚሁ ሪፈራል ሆስፒታሉ ልወልድ ወስኛለሁ። ግርግር ነው፣ ተማሪዎች ይከቡሻል፣ ወረፋ አለ። ይሁን፤ ደሙም ሐኪሙም እዚያው ናቸው። ከቤታችን በባጃጅ ሩብ ሰዓት ነው። ከመሸ ባጃጅ ስለማይገኝ ባለቤቴ መኪና ካለው ጎረቤታችን ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል። ደሜም መጀመሪያ ሲለካ ሄሞግሎቢኔ 9.8 ነበር፤ ነፍሰ ጡር ከ11 በታች ከሆነች ደም አንሷታል ይላሉ። የአይረን ክኒን በየቀኑ እየዋጥኩ፣ ምስርና ጎመን እየበላሁ፣ ከምግብ ጋር ቡና ትቼ አሁን 11.4 ደረሰ። ቡናን መተዌን ስትሰሚ የጉዳዩ ክብደት ይገባሻል።

አሁን የጻፍኩበትን ልንገርሽ። እማዬ ተከፍታብኛለች። «ስድስቱንም ቤቴ ነው የወለድኩት፣ አንቺ ምን ጎደለብሽ?» አለችኝ፣ ከዚያ ዝም አለች። «ባሕር ዳር እወልዳለሁ» ያልኳት «አንቺ ጋ ልሞት ነበር» ያልኳት ሆኖ ነው የተሰማት። በስልክ ላስረዳት ስሞክር ሁለታችንም ማልቀስ ነው። አንቺ ቅርቧ ነሽ፣ ከልጅነታችንም ያንቺን ቃል ከኔ ይልቅ ትሰማለች። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቡና ላይ ቁጭ በይና አልዘገየሽም ብላለች በይልኝ። ልክ በዚህ ቃል።

ቀኔ መጋቢት መጨረሻ ነው። ማዋለጃ ክፍል አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት፤ እሷ እንድትሆን ነው የምፈልገው፣ ባለቤቴም ተስማምቷል። ገብሱን እዚህ አዘጋጅቻለሁ፣ ቅቤውን ግን እሷ አንጥራ ታምጣ። መጋቢት አጋማሽ ላይ ይዘሽልኝ ነይ፣ አንቺም ትንሽ ቀን ትቆያለሽ። ነጠላም ገዝቼላታለሁ፣ አረንጓዴ ጥለት ያለው። እሱን አትንገሪያት።

ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ደውለሽ ጠይቂኝ። አነሳለሁ።

የምትወድሽ እህትሽ