የቹርሊዮኒስ ማዕበል ብቻውን አይነበብም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ሊቱዌኒያዊው ሠዓሊና የሙዚቃ ደራሲ ቹርሊዮኒስ ያወጣችሁት ጽሑፍ ምልክቶቹን ሁሉ በምሥጢራዊ ትምህርት ብቻ መፍታቱ አላሳመነኝም። ሰውዬው በዋርሶና በላይፕዚግ ሙዚቃ የተማረ ነው፤ ሥዕሎቹንም እንደ ሙዚቃ በክፍል በክፍል ያዋቅራል። እ.ኤ.አ. በ1908 የሣለው «የባሕር ሶናታ» (ሶናታ በክፍሎች የተዋቀረ የሙዚቃ ድርሰት ነው) አሌግሮ (ፈጣን)፣ አንዳንቴ (ዝግ ያለ) እና ፊናሌ (መደምደሚያ) የተባሉ ሦስት ሥዕሎች አሉት። በአንዳንቴው ባሕሩ ጸጥ ብሏል፤ ከውኃው ሥር አንድ ግዙፍ እጅ ትንሽዬ መርከብ ይዟል። በፊናሌው ግን ማዕበል ጀልባዎቹን ሊውጥ ተነሥቷል፤ በአረፋው መሐል የሠዓሊው ስም መነሻ ፊደላት ይታያሉ። ለእኔ መንፈሳዊ ትርጉሙ ያለው ከእጁ ወደ ማዕበሉ በሚደረገው ሽግግር ላይ ነው። እናንተ ያተማችሁት ፊናሌውን ብቻ ነው። ያንን እጅ ያላየ አንባቢ ማዕበሉ ጥፋት ብቻ ይመስለዋል።

እባካችሁ በሚቀጥለው እትም ሦስቱንም በቅደም ተከተላቸው፣ በአንድ ገጽ አውጧቸው።

አንባቢያችሁ