ደብተሩ በመስከረም፣ ልጁ በኅዳር

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ አንድ ዓይነት ዜና ታወጣላችሁ። እገሌ የተባለ ድርጅት ለዚህን ያህል ችግረኛ ተማሪዎች ደብተርና ቦርሳ ሰጠ፤ ፎቶውም አለ። ልጆቹ ቦርሳቸውን ታቅፈው ይደረደራሉ፣ ኃላፊው መሃል ይገባል። መስጠቱን አልቃወምም። የዛሬ ደብተር ዋጋው የሚቀመስ አይደለም። ግን እኔ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ከብሎካችን ጀርባ እርሻ ነው፣ ከእርሻው ማዶ የገበሬ መንደር። ከዚህ ሆኜ እንደማየው ልጅ ከትምህርት ቤት የሚጠፋው በመስከረም አይደለም። በመስከረም ሁሉም ይመዘገባል። የሚጠፋው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ያኔ ደግሞ ለጋሽም ጋዜጠኛም ዝር አይልም።

ምክንያቱ የተደበቀ አይደለም። ኅዳር የጤፍ አጨዳ ነው። ውቂያው ይከተላል፣ ሽምብራውም ይደርሳል። የቀን ሠራተኛ መቅጠር ለማይችል ገበሬ ያለው ጉልበት ልጆቹ ናቸው። ትልቁ ያጭዳል። ትንሹ ከብት ይጠብቃል፤ ከብቱ የሰው ማሳ ከገባ ጉድ ነው። ሌላው የሽምብራ እሸት ታቅፎ ወደ ደብረ ዘይት መንገድ ይወጣል። እኛስ? መኪናችንን ጥግ አስይዘን፣ ዋጋ ተከራክረን፣ እሸታችንን እየፈለፈልን እንሄዳለን። ማክሰኞ ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ይህ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ የሚጠይቅ የለም።

"ገበሬው የትምህርት ጥቅም አልገባውም" የሚሉ ሰዎች ያናድዱኛል። በደንብ ገብቶታል። ጤፉ ግን አይጠብቀውም። ሳይሰበሰብ ያለወቅቱ ዝናብ ቢመጣበት የዓመት ቀለቡ ተበላሸ ማለት ነው። "ልጁ ሁለት ሳምንት ቢቀር ምን ይሆናል?" ይላል። የሚሆነው እንዲህ ነው። ልጁ ሲመለስ ሒሳቡ ጥሎት ሄዷል። ጥር ላይ የመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ይመጣል፣ ይወድቃል። ያንኑ ክፍል ደግሞ ከታናሹ ጋር መቀመጥ ያሳፍረዋል። ሚያዝያ ሲደርስ ስሙ መዝገብ ላይ አለ፣ እሱ ግን የለም።

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ምገባ መኖሩ ምን እንደለወጠ እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል። ከድንበሩ ማዶ በኦሮሚያም ቡሳ ጎኖፋ በሚባለው የመረዳጃ ሥርዓት በኩል ተጀምሯል። ልጅ ትምህርት ቤት ምሳ በላ ማለት ለእናትየው አንድ አፍ ቀለለላት ማለት ነው፤ በአጨዳ ሰሞን እንኳ ልጇን ለመላክ ምክንያት ታገኛለች። ምገባ ግን የእህል ጆንያ ብቻ አይደለም። ማገዶ አለ፣ ውሃ አለ፣ ወጥ የምትሠራው ሴት ክፍያ አለ። ለፎቶ አይመቹም እንጂ ለእነዚህም የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋል።

የሴቶቹ ነገር ደግሞ ቀጥታ ወደ እኛው ብሎክ ይመጣል። የመንደሩ ትምህርት ቤት ዝቅተኛውን ክፍል ብቻ የሚያስተምር ከሆነ ቀጣዩ ሩቅ ነው። ልጅቷ 13 ዓመት ሲሞላት ወላጅ ብቻዋን መስደድ ይፈራል። የወር አበባ ሲመጣ ለሞዴስ የሚሆን ብር የለም። ይኼኔ ደላላው ከች ይላል። "አዲስ አበባ፣ ጥሩ ሰው ቤት ነው፤ ማታ ማታ ትማራለች።" ጥሩ ሰው የተባልነው እንግዲህ እኛ ነን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኛን ነገር ግን በሌላ ደንብ ይወሰናል ብሎ አልፎታል። ስለዚህ ፋብሪካ የማይቀጥራትን ልጅ እኛ ሕፃን እናሸክማታለን። በመስከረም ለቦርሳ ከሚያዋጡ ጎረቤቶቼ መካከል እንዲህ ያለች ልጅ ቤታቸው ያለች አሉ። ስም አልጠራም፤ ሲያነቡት ያውቁታል። የማታ ትምህርቱስ? የሚልኩ አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ሌሎቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስቀሯታል። እንግዳ የማይመጣበት ሳምንት ደግሞ የለም።

ለብሎካችን እድር ሐሳብ አቅርቤያለሁ፤ እናንተም ብታወጡልኝ ብዬ ነው መጻፌ። እድርተኛ ቀብር ካልወጣ ስሙ ይያዛል፣ ይቀጣል። ደጋግሞ ከቀረ "ምን ሆኖ ነው?" ተብሎ ሰው ይላክበታል። ተማሪ ሲቀር ግን መምህሩ "ቀሪ" ብሎ ይጽፋል፣ በቃ። ስንት ክፍል የሚያስተምር መምህር ከዚህ በላይ ያድርግ ማለትም ግፍ ነው። ስለዚህ የቦርሳውን መዋጮ ወደ ኅዳር እናዙረው ነው ያልኩት። በወላጅና መምህራን ኅብረቱ በኩል መንደሩ የሚያከብረው አንድ ሰው ይመረጥ፣ አበል ይከፈለው። ሦስት ቀን የቀረ ልጅ ቤት ይሂድና ይጠይቅ። የጎደለው ጉልበት ከሆነ የአጫጁን የአንድ ሁለት ቀን ሒሳብ እንሸፍን። ሞዴስ ከሆነ ሞዴስ ይገዛ። የቀሩትን ልጆች ቅዳሜ ለሚያስጠና መምህርም ትንሽ ነገር ይታሰብለት።

አንድ ጋሼ "ገንዘቡ ይበላል" አሉ። ሊበላ ይችላል። ለዚህ ነው አከፋፈሉ በደረሰኝ ይሁን፣ ሒሳቡም በየወሩ ለአባላት ይነበብ ያልነው። ውሳኔው ለጥቅምቱ ስብሰባ ተላልፏል። አብረውን መግባት የሚፈልጉ የአካባቢያችን እድሮች ካሉ ከዚያ በፊት በዝግጅት ክፍሉ በኩል ቢያሳውቁን ትምህርት ቤቶቹን መከፋፈል እንችላለን።

አንድ የቱሉ ዲምቱ ነዋሪ