ጆርጅ ሮምኒን አንርሳው

ውድ አዘጋጅ፦

ነጋዴ ፖለቲካ የሚገባው ለኪሱ ብቻ ነው ለሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት የተወዳደረው የሚት ሮምኒ አባት የሆነውን ጆርጅን ላስታውሳቸው። አሜሪካን ሞተርስ የተባለውን የመኪና ኩባንያ ሲመራ ትልልቆቹ ኩባንያዎች መኪኖቻቸውን እያስረዘሙ ሲፎካከሩ፣ እሱ ራምብለር የምትባለውን ትንሽ መኪና ይዞ ድርጅቱን ከኪሳራ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 የሚሺጋን ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ ተመረጠ።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው በ1963 ያደረገው ነው። በዲትሮይት ከተማ አጠገብ ያለው ግሮስ ፖይንት የሀብታም ነጮች ሰፈር ነበር፣ የራሱ ፓርቲ የሪፐብሊካን ደጋፊዎች የሚበዙበት። ጥቁሮች እዚያ ቤት እንዳይገዙ የሚደረገውን አድልዎ ከሚቃወሙት ሰልፈኞች ጋር ተሰልፎ በእግሩ ሄደ። በ1964 ደግሞ ፓርቲው የዜጎች መብት ሕጉን የተቃወመውን ባሪ ጎልድዋተርን ለፕሬዚዳንትነት ዕጩ አድርጎ ሲያቀርብ አልደግፍም አለ። በኋላ በ1967፣ ስለ ቬትናም ጦርነት የአሜሪካ ጄኔራሎችና ዲፕሎማቶች አእምሮዬን አጥበውት (አታልለውኝ) ነበር ብሎ ሲናገር ሕዝቡ ሳቀበት፤ የፕሬዚዳንትነት ሕልሙም እዚያው ላይ ተሰናከለ። እኔ ግን እውነቱን ነው የተናገረው እላለሁ፤ ብዙዎች ስለ ጦርነቱ መታለላቸውን ለማመን ዓመታት ፈጅቶባቸዋል።