«ይጠጣል» ማለት ዓሣ ይኖርበታል ማለት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ዓሦቹ እልቂት ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት «ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል» ብዬ ነው። አልተሳሳትኩም። እንዲህ ይላል፦ «በውሃው ውስጥ ያለው መዳብ ለመጠጥ ከተፈቀደው መጠን በታች በመሆኑ፣ ብረታ ብረት ምክንያት ሊሆን አይችልም።»

ብዕር ያስነሳችኝ ይህች ዓረፍተ ነገር ናት።

የመጠጥ ውሃ ገደብ የወጣው ለሰው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመዳብ ያስቀመጠው መጠን በሊትር 2 ሚሊግራም ነው፤ ማለትም 2,000 ማይክሮግራም። ካልሲየም ባነሰበት ውሃ ውስጥ ግን ትራውት የተባለውን ዓሣ በአራት ቀን ለመግደል በሊትር ከ100 ማይክሮግራም በታች ይበቃል። ልዩነቱ ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ዓሣውን በሰው ሚዛን መዝናችሁ ውሃውን ነፃ አወጣችሁት።

ነገሩ ዓሣው ውሃውን ከመጠጣቱ ጋር አይገናኝም። የወንዝና የሐይቅ ዓሣ ውሃ እምብዛም አይጠጣም። ደሙ ጨው አለው፤ የሚዋኝበት ውሃ ግን የለውም ማለት ይቻላል። በደሙ ያለው ሶዲየም ብዙውን ጊዜ ከውጭው ከመቶ እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ጨዉ ቀን ከሌት በስንጥቡ፣ ማለትም በሚተነፍስበት አካል በኩል ይሾልካል፤ ውሃው ደግሞ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የገባውን ውሃ በሽንት ያስወጣዋል። የሾለከውን ጨው ደግሞ ስንጥቡ ላይ ያሉ ልዩ ሕዋሳት ከዚያው ውሃ አንድ በአንድ ለቅመው ይመልሱለታል። ኦገስት ክሮግ የተባለው የዴንማርክ ሳይንቲስት ይህን ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው። አዲስ ወሬ አይደለም።

መዳብ የሚመታው እነዚህን ለቃሚዎች ነው። ሶዲየም የሚገባበትን በር ይዘጋል። ጨዉን ወደ ደም የሚገፋውን ኢንዛይም ያሽመደምዳል። መጠኑ ሲጨምር ሕዋሳቱ የተያያዙበት ስፌት ይላላና መሹለኩ ይብሳል። ካድሚየምና ዚንክ ደግሞ በካልሲየም በር እየተጋፉ ካልሲየሙን ያስቀሩበታል። የደሙ ጨው ሲመናመን ውሃው ከደም ሥር ወደ ሌላው አካል ይሸሻል። ደሙ ይወፍራል። በመጨረሻ ልብ መግፋት ያቅተዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ውሃው ኩልል ብሎ ይታያል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቅኩትም። ዓሣ አረባለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ጫጩቶቹ ገንዳ የሚገባውን መስመር በአዲስ የመዳብ ቧንቧ ቀየርኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስመጣ ውሃው እንደ መስታወት ነው። አየር የሚነፋው ሞተር ይሠራል። ዓሦቹ ግን ታች ወለሉ ላይ ተኝተዋል። አየር ያጠረው ዓሣ ወደ ላይ ወጥቶ አፉን ይከፍታል፤ እነዚህ አልወጡም። አንዱን አንስቼ የስንጥቡን ክዳን በጣቴ ገለጥኩ። ደማቅ ቀይ መሆን የነበረበት ነገር በወፍራም ዝልግልግ ተሸፍኗል። ቀድመው ያለቁት ትንንሾቹ ነበሩ። አየር ሲያጥር አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው የሚሄዱት ትልልቆቹ ናቸው። ጨዉን ቶሎ የሚጨርሰው ግን ትንሹ ዓሣ ነው። እናንተ ባወጣችሁት ፎቶ ላይም ዳር የተከመሩት ከጣት የማይበልጡ ናቸው። ከጽሑፉ በፊት ፎቶውን አላያችሁትም?

ያኔ ውሃውን አስመረመርኩ። የመጣው መልስ የእናንተው ነው፦ «ለመጠጥ ተስማሚ»። መዳቡ ከገደቡ አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ወረቀቱን የሰጠኝ ሰው «እንኳን ደስ ያለዎት» አለኝ። ቤት ውስጥ አንድ ባልዲ ሙሉ የሞተ ዓሣ ትቼ ነበር የሄድኩት። ያቺን «ለመጠጥ ተስማሚ» የምትል ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ዘገባችሁ ላይ እንደገና ሳያት ደሜ ፈላ።

በዘገባው ውስጥ ቃል አቀባይ አለ፣ ኃላፊ አለ፣ የመጠጥ ውሃ ባለሙያ አለ። ዓሣ የሚያረባ ወይም የሚያጠምድ አንድ ሰው የለም። ስደውልላችሁ «ባለሙያ አነጋግረናል» ተባልኩ። የመጠጥ ውሃ ባለሙያ ስለ መጠጥ ውሃ ይናገር። በየቀኑ ስንጥብ የሚያዩትን እኛን ማን ጠየቀ?

የገደላቸው መዳብ ነው ብዬ አልፈርድም። ከሩቅ ሆኖ እንዲያ ማለት ያው የእናንተን ስህተት መድገም ነው። ያው የመዳብ መጠን በአንዱ ውሃ ገዳይ፣ በሌላው ምንም ላይሆን ይችላል። ሳሙና አረፋ አላወጣ በሚልበት፣ ካልሲየም በበዛበት ውሃ፣ ካልሲየሙ ስንጥቡ ላይ ቀድሞ ቦታ ይይዝበታል። ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ቡናማ ነገርም መዳቡን አስሮ ያስቀረዋል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዓሣና ለሌሎች የውሃ እንስሳት ያወጣውን የመዳብ ገደብ ሲያሻሽል እንደየውሃው ኬሚስትሪ እንዲሰላ ያደረገው ለዚህ ነው። እናንተ ግን ካልሲየሙን ሳትጠይቁ፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መጠን) ሳትጠይቁ «ሊሆን አይችልም» ብላችሁ ዘጋችሁት።

«ሥጋቸው ውስጥ መዳብ አልተገኘም» የሚለው ክርክርም አያስኬድም። መዳቡ ሥጋ ውስጥ ሳይከማች ስንጥቡ ላይ ሥራውን ይጨርሳል። መታየት የነበረበት ስንጥቡና የደሙ ሶዲየም ነው።

ስለዚህ ያቺን ዓረፍተ ነገር በማረሚያ አስተካክሉ። ምርመራውን ያደረጉት ሰዎች የውሃውን ካልሲየም፣ ፒኤችና የሟሟውን መዳብ ለክተው ከሆነ ቁጥሮቹን አትሙልን። ካልለኩ ደግሞ አለመለካታቸውን ጻፉ።

አንድ ዓሣ አርቢ አንባቢያችሁ