የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመት ዘገባ፦ ያገለገለች ካያክ እንዴት መርምረን ገዛን

የአካባቢ ጥበቃ ክበባችን በዚህ ዓመት ችግኝ ከመትከልና ግቢ ከማጽዳት ሌላ ብዙ ጊዜውን የሰጠው አንዲት ያገለገለች፣ በእግር ፔዳል የምትነዳ ካያክ (ጠባብና ትንሽ ጀልባ) ፈልጎ ለመግዛት ነው። ጉዳዩ ለአንዳንድ ወላጆች ቅንጦት መስሎ እንደታየ ሰምተናል። ሆኖም አባላቱ እምቦጭ በከተማችን አቅራቢያ ባለው የጣና ዳርቻ የት የት እንደሚታይ በየወሩ ለመመዝገብና የውሃ ናሙና ለመውሰድ ሲነሡ የሞተር ጀልባው ነዳጅ ከአቅማችን በላይ ሆነ፤ በታንኳ ሲሞከር ደግሞ መቅዘፊያ የጨበጠ ሰው ጠርሙስም ደብተርም ሊይዝ አልቻለም። ካያኳ የተመረጠችው እግር እየነዳ እጅ ነፃ ስለሚሆን ነው።

ጀልባዋን የሚገፋው የፔዳል መንጃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1997 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሲሆን፣ ከጀልባዋ ሆድ ሥር ሁለት ክንፎች ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ይገፏታል፤ ሁለተኛው እንደ ብስክሌት በሚዞር ፔዳል ፕሮፔለር የሚያሽከረክር ነው። ክንፎቹ ከሆዷ ጋር ሊለጠፉ ስለሚችሉ በደንገልና በአረም መካከል ለማለፍ ይሻላሉ፤ የቀድሞዎቹ ግን ወደ ኋላ አይሄዱም። ባለፕሮፔለሩ ፔዳሉን ወደ ኋላ በማዞር ብቻ ይመለሳል፤ አረም ሲጠመጠምበት ግን ቆሞ መንጃውን ወደ ላይ ስቦ መፍታት ግድ ነው። እኛ ይህን ሁለተኛውን የመረጥነው ዘንግና ኩሽኔታ የባሕር ዳር ብስክሌት ጠጋኝ ሁሉ የሚያውቀው ነገር በመሆኑ ነው።

በጥቅምት ያየናት የመጀመሪያዋ ጀልባ ቀይ፣ የተወለወለችና ዓይን የምትስብ ነበረች፤ ሻጩም «ሁለት ዓመት አልሞላትም» አሉን። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከኋላዋ በቀኝ በኩል የታተመውን መለያ በጣቱ እየዳሰሰ አነበበው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ጀልባዎች ላይ ይህ መለያ 12 ፊደላትና አኃዞች ሲኖሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ያመለክታሉ፤ የዚህችኛዋ 14፣ ማለትም 2014 እ.ኤ.አ. ይል ነበር። ዕድሜዋ ብቻውን አያስጥላትም ነበር። ነገር ግን የእነዚህ ጀልባዎች አካል ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ በመሆኑ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ሲጣል ይገረጣል፣ እየደረቀም ይሰነጠቃል፤ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ደግሞ ፀሐዩ ይበልጥ ይበረታል። ሆዷን ገልብጠን በጥፍር ስንፍቀው እንደ ጠመኔ ያለ ነጭ ዱቄት ወጣ። የኋላ ጫፏም አሸዋና ድንጋይ ላይ ስትጎተት ኖራ ሳስቶ ነበር።

ከዚያ በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ አስቀምጠን ሆዷ ውስጥ ሦስት ጀሪካን ውሃ ጨመርንና ከሥሯ ደረቅ ጋዜጣ አነጠፍን። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መንጃው ከሚገባበት ክፍት ቦታ ማዕዘን ላይ ጠብታ ታየ። ሻጩ ማስቲሽ ይበቃዋል ቢሉም ፖሊኢትሊን ማስቲሽ አጥብቆ አይዝም፤ የሚጠገነው በዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በሙቀት ሲበየድ ነው፤ ያ ማዕዘን ደግሞ ነጂው ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ጫናው የሚያርፍበት ነው። አመስግነን ተመለስን። ልጆቹ በመንገድ ላይ አላናገሩኝም።

ሁለተኛዋ በጥር ስትገኝ አረንጓዴ ቀለሟ የደበዘዘ ስለነበር ገና ሲያዩዋት ፊታቸውን አጨፈገጉ። አካሏ ግን የጥፍሩንም የውሃውንም ፈተና አለፈ። መንጃውን አውጥተን ጠረጴዛ ላይ አኖርነው፤ አባቱ ብስክሌት የሚጠግኑ አንድ አባል የፔዳሉን ክንድ ይዞ ወደ ጎን ነቀነቀው፣ አልላላም። አንደኛው ፔዳሉን በዝግታ ሲያዞር አንዲት ተማሪ የእንጨት ማስመሪያ አንዱን ጫፍ በብረቱ ላይ፣ ሌላውን በጆሮዋ ላይ አድርጋ አዳመጠችና «መምህር፣ አሸዋ የሚፈጭ ይመስላል» አለችኝ። የዘይት ማፍሰሻውን ቡሎን ስንፈታው የወጣው ዘይት ማኪያቶ መስሎ ነበር፤ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው። ምክንያቱ ፕሮፔለሩ ሲወልቅ ታየ፦ የዓሣ መረብ ክር ከጀርባው ዘንጉን አሥር ጊዜ ያህል ተጠምጥሞ ዘይት የሚይዘውን ጎማ ቆርጦታል። በናይሎን መረብ በሚጠመድበት ሐይቅ ላይ የሠራ ማንኛውም ፕሮፔለር በዚህ በኩል ሳይታይ ሊገዛ አይገባም ብዬ አምናለሁ።

ተማሪዎቹ ይህችም ትቅር ሲሉ እኔ ግን እንድትገዛ ተከራከርሁ። የተሰነጠቀ አካል ዕዳ ነው፤ የተቆረጠ ጎማና የዛገ ኩሽኔታ ግን መጠናቸው በራሳቸው ላይ ተጽፎ ስለሚገኝ ከሞተር ሳይክል መለዋወጫ ሱቅ ሊገኙ የሚችሉ ናቸው፣ ተገኙም። ባለቤትየዋ ጉድለቱን በዓይናቸው ስላዩ ዋጋውን ያለ ብዙ ክርክር ቀነሱልን፤ የግዢ ደረሰኛቸው ላይ ያለው ቁጥርም ከጀልባዋ መለያ ጋር ገጠመ።

ገንዘቡን የከፈልነው ግን ጥገናው አልቆ ውሃ ላይ ከሞከርናት በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ማዕበል ስለሚያስነሣ በጠዋት፣ ጉማሬ ስለሚበዛበትም ዓባይ ከሐይቁ ከሚወጣበት አካባቢ ርቀን፣ የሕይወት አድን ጃኬት ለብሰን ወጣን። ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ከዚያም በሙሉ መሪ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተነዳች፤ ወደ ቀኝ ስትዞር ትዘገይ ነበርና ስናየው የመሪዋ ገመድ ተልጦ ሁለት ሦስት ክር ብቻ ቀርቶት ነበር። ይህን በጠረጴዛ ላይ ማናችንም አላየነውም። በስፖንጅ ሆዷን ስንዳስስ ደረቅ ነበር።

በዳርቻው የነበሩ አንድ የታንኳ ባለቤት ወደ 50 ኪሎ የምትጠጋውን ጀልባ ልንጎትታት ስንል አስቆሙንና የራሳቸውን ታንኳ አሳዩን፤ ከውሃ ስትወጣ ተሸክመው፣ አቁመው ነው የሚያደርቋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካያካችንን አራት ሆነን እንሸከማታለን።

ከየካቲት እስከ ግንቦት ዘጠኝ ጊዜ ወጥተን ናሙና ወስደናል፤ የአረሙ መዝገብ በቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ክረምቱን ጀልባዋ ከማንጎው ዛፍ ሥር በጥላ ተገልብጣ ትቆያለች። መንጃው ግሪስ ተቀብቶ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ በመስከረም ቡሎኑን ፈትተን የዘይቱን ቀለም እናያለን።